አባ ጀንበር እና የማዶው ጣቢያ

አባቴ ተራ ሲጥስ ያየሁት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ዓይኔ የዋሸኝ መስሎኝ ደጋግሜ አሽቻለሁ። ዳቦ ቤት ተሰልፎ ሰው ከፊቱ ሲሰነቀር «ቸኩሎ ይሆናል» ብሎ የሚያልፍ፣ ሐኪም ቤት «ቀጣይ!» ሲባል ግራ ቀኙን አይቶ «ከእኔ በፊት የነበረ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ በእናቴ ወጥቻለሁ። ከፊቴ የተሰነቀረ ሰው ልክ ልኩን ሳይጠጣ አይሄድም። አባቴ ግን ክንዴን ያዝ አድርጎ «ተይ ልጄ፣ ተራ ይደርሳል» ይለኛል። በዚህች አነጋገሩ ስንት ጊዜ ጨርቄን ልጥል እንደደረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የሰፈር ሰው «አባ ጀንበር» ይለዋል። ሥራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሬዲዮ ማሰራጫ ውስጥ ነበር። ማሰራጫ ስል ዘፈንና ዜና የሚሰማበትን ስቱዲዮ ማለቴ አይደለም፤ ስቱዲዮው መሀል ከተማ ነው፣ ምንጣፍና መስታወት አለው፣ ሠራተኞቹም ሽቶ ይቀባሉ። የአባቴ መሥሪያ ቤት ሜዳ ላይ የተገተረ ረጅም የብረት ምሰሶና ከሥሩ ያለ ግድግዳው ወፍራም ክፍል ነው። በክፍሉ ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን የተደረደሩ ግራጫ መሣሪያዎች ቀንም ማታም ያጉረመርማሉ። ከስቱዲዮ በሽቦ የመጣው ድምፅ እዚያ ጉልበት ይሰጠውና በምሰሶው በኩል ወደ አየር ይለቀቃል። አባቴ በወጣትነቱ በዘበኝነት ገብቶ፣ ለቴክኒሻኖቹ ሽቦ እያቀበለ ሙያውን ተምሮ፣ በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ሆነ።

አባ ጀንበር ያሰኘችው ግን አንዲት የምሽት ሥራው ናት። ጣቢያችን የሚጠቀምበት ሞገድ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ከሐይቁ ማዶ ያለ ሌላ ጣቢያም በዚያው ሞገድ ነው የሚያሰራጨው። ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር አልገባኝ ብሎ ስነዘንዘው፣ ግቢያችን ውስጥ ያለውን የልብስ ማስጫ ገመድ አሳየኝ። ገመዱ አንድ ነው፣ የምንጠቀምበት ግን ከጎረቤት ጋር ነው። «ጠዋት እናትሽ ታሰጣለች፣ ከሰዓት እሳቸው ያሰጣሉ። ሁለቱም ባንዴ ቢያሰጡስ?» አለኝ።

«ጠብ ይነሳል» አልኩት። ደግሞም ተነስቶ ያውቃል፤ እናቴና ጎረቤታችን በአንድ አንሶላ ምክንያት ለብዙ ጊዜ ተኮራርፈዋል።

«ሬዲዮም እንደዚያ ነው» አለ። ቀን ቀን ሞገዱ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ ሲደክመው ይቀራል፤ ሩቅ ያለውን ጣቢያ አያስቸግርም። ጀንበር ስትጠልቅ ግን ሰማዩ ጠባዩን ይለውጥና ወደ ላይ የወጣውን ሞገድ መልሶ ወደ ሩቅ አገር ይወረውረዋል። ያኔ የእኛ ድምፅ ሐይቁን ተሻግሮ ከማዶው ድምፅ ጋር ይላተማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጩኸት እንጂ ወሬ አይደለም። ስለዚህ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ውል አለ። ቀኑ የእኛ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ እኛ ለከተማችን ብቻ እስክንበቃ ኃይላችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ እነሱ ደግሞ ያኔ ሥርጭታቸውን ይከፍታሉ።

የጣቢያው የቀድሞ አለቃ ያወጡት አንድ ደንብ ነበር። ኃይሉን ዝቅ የሚያደርገው ሰው ራሱ በማይክሮፎን ለሕዝብ መናገር አለበት፤ አፍ የተናገረውን እጅ አይረሳም ብለው ነው። አባቴ ታዲያ ምሽት ሲደርስ የመስኮቱን መጋረጃ ገልጦ ጀንበሯን ያያታል፤ ጫፏ ስትሰወር ማይክሮፎኑን ይከፍትና «ውድ አድማጮች፣ ጀንበር ጠልቃለች። በዚህ ሞገድ ላይ ተራው የጎረቤታችን ነው። እኛ ዝቅ እንላለን» ይላል። ከዚያ «እህህ» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርግና «ደህና እደሩ» ብሎ ትልቁን ማብሪያ ወደ ታች ይስባል። ያቺን «እህህ» ሳይል «ደህና እደሩ» ብሎ አያውቅም። እናቴ ቤት ውስጥ ክርክር ሲረዝምባት «ጀንበር ጠልቃለች፣ ዝቅ በል፣ ተራው የጎረቤት ነው!» ትለዋለች። ይስቃል፣ ዝቅም ይላል።

በአባቴ ወገን ዘመድ የሚባል አላውቅም ነበር። ምክንያቱን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ልጅ ሳለ ጦርነት መጣና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ሐይቁ ሸሸ። አባቱ ቀደም ብለው ሞተዋል። ጀልባው አንድ ነው፣ ሰው ይጋፋል፣ ይጮኻል። እናቱና ታላቅ እህቱ ከተሳፈሩ በኋላ ባለ ጀልባው «ሞላ!» ብሎ እሱን በደረቱ ገፋው። እናቱ ልትወርድ ስትል ጀልባው ተንቀሳቀሰ። «ፌንጣ፣ ተራህን ጠብቅ! በሚቀጥለው ትመጣለህ!» ብላ ጮኸች። ፌንጣ የምትለው አንድ ቦታ ቁጭ ስለማይል ነበር። በሚቀጥለው የሚባል ጀልባ አልመጣም። በማግስቱ ማዕበል ገልብጦታል፣ የተረፈ የለም ተባለ። አንድ አናጢ ከሐይቁ ዳር አንስቶ ወሰደው፣ ሌላ ስም ሰጠው፣ አሳደገው። የማዶው መንገድ ለብዙ ዓመት ተዘግቶ ኖሮ ሲከፈት እንኳ አባቴ ወደዚያ ሐይቅ ዝር አላለም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያን ቀን የአባቴን የሥራ ካፖርት ክርኑን ጠግኜ ላደርስለት ወደ ማሰራጫው ሄድኩ። ስደርስ ጀንበር ልትገባ ነው። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝና ማይክሮፎኑን ከፈተ። ያችኑ ንግግሩን ተናገረ፣ እህህ አለ፣ ደህና እደሩ አለ፣ ማብሪያውን ወደ ታች ሳበ።

ጧ! አለ መሣሪያው። ማጉረምረሙ ቆመ። አረንጓዴው መብራት ጠፍቶ ቀዩ በራ። እኔ ወደ በሩ ስሸሽ አባቴ «አይዞሽ፣ አርጅቶ ነው፤ ራሱን ሲከላከል ነው» አለና ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ይነካካ ጀመር።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ አለች። የራሳቸውን ሥርጭት የሚቆጣጠሩባት ስለሆነች ከዚያ ሞገድ ላይ ተነቅላ አታውቅም። የእኛ ሥርጭት ሲቋረጥ እሷ ትንሽ ሿ አለችና የሴት ድምፅ አወጣች። የማዶው ጣቢያ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተራ የሚለቅለትን ጣቢያ ድምፅ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰምቶት አያውቅም፤ የገዛ ምሰሶው ኃይሉ ዝቅ ብሎ እንኳ እዚያ አካባቢ ሌላ ድምፅ አያስገባማ። እኔ «የሚገርም ነው!» ልል አፌን ስከፍት ሴትዮዋ እንዲህ ስትል ሰማኋት።

«…ፌንጣ፣ እህትህ ነኝ። እስከ ዛሬ ስንጠራህ አልመለስክም። አሁን ግን እማዬ ታማለች፤ ከአልጋ አትነሳም። ቂም ካለህ በእኔ ይሁንብህ፤ እሷን ግን ዓይኗን ሳትከድን መጥተህ እያት። የምንገኘው…»

አረንጓዴው መብራት በራ። ክፍሉ በእኛው ጣቢያ ዘፈን ተሞላ።

ዞር ስል አባቴ እጁ ማስነሻው ቁልፍ ላይ ነው፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው፤ አፉ ተከፍቷል። መሣሪያው ሲዘጋጅ ትንሽዬ መብራት ብልጭ ትላለች፤ ብልጭ ስትል ቁልፉን መጫን ነው። ስንት ዓመት ሲያደርገው የኖረው ነገር ነው፤ ጆሮው እዚያ ሬዲዮ ላይ ተሰቅሎ እያለ እጁ የለመደውን ሠራ። እህቱን ከሞት ተነስታ ስትናገር አፏን የዘጋት የገዛ እጁ ነው።

«አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ አጥፋው! አጥፋው እልሃለሁ!»

አባቴ ሥርጭት አጥፍቶ አያውቅም። ያን መብራት አረንጓዴ አድርጎ ለማቆየት ነው የኖረው። አንድ ጊዜ መብራቱን አየ፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። ከዚያ ትልቁን ማብሪያ ነቅሎ አጠፋው። እንደገና ደነገጥኩ። ሬዲዮዋ ሿ አለች፣ ድምፅ መጣ፤ የወንድ ድምፅ ነበር። «ይህ የጠፋ ዘመድ ጥሪ ነገም ሥርጭታችንን ስንከፍት ይደገማል። ቀጥሎ ያለው መልእክት…» አለ።

የስቱዲዮው ስልክ ተንጫረረ። አባቴ አነሳና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁን ይመለሳል» አለ፤ መለሰውም። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት።

«ፌንጣ የሚሉኝ ሰዎች ሐይቁ ውስጥ ናቸው» አለኝ፤ እኔን የሚያስረዳኝ ይመስል። «ሐይቁ ውስጥ ናቸው እኮ፣ ልጄ።»

ቤት ገብተን ለእናቴ ስነግራት የያዘችው ሳህን ከእጇ አመለጠ። እኔ ደግሞ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር የባሰ ይዘገንነኝ ጀመር። ይህ ሰው በየምሽቱ «ተራው የጎረቤታችን ነው» እያለ የለቀቀው ለገዛ እህቱ ነው። እሱ ዝቅ ሲል እሷ ትጠራዋለች። የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ሲሰማት፣ የማይሰማት እሱ ብቻ ነው፤ ከምሰሶው ሥር ነዋ የተቀመጠው! እናቴ ስባሪውን መልቀም ትታ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ በቁሜ አያለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም» አለችና አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት አለቃውን ስለ ማዶው ጣቢያ ስልክ ጠየቀ። በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ይጠየቃል፣ ጊዜ ይፈልጋል ተባለ። ከአልጋ የማትነሳ ሴት መሥሪያ ቤት እስኪጻጻፍ ትጠብቃለች? አባቴ ሌላ መንገድ አሰበ። ሐይቁ አጠገብ ኮረብታ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ናት። እኛ ኃይላችንን ዝቅ ስናደርግ ድምፃችን እዚያ አይደርስም፤ የማዶው ግን ይገባል። ያን ምሽት እዚያ ሆኖ ጥሪው ሲደገም መስማት፣ አድራሻውን መያዝ፣ መሻገር ነው።

ኃይል የመቀነሱን ሥራ ለባልደረባው ሰጠ። ባልደረባውን «እሺ ጌታዬ» እንለዋለን፤ ሰው ደስ ካላለው እንቅልፍ የማይወስደው ሆደ ሰፊ ሰው ነው። አባቴ እውነቱን አልነገረውም። የሞቱ ሰዎች ሬዲዮ ላይ ጠሩኝ ብሎ መሳቂያ መሆንን ፈራ። «ኮረብታው ከተማ እሄዳለሁ። ምሽት ላይ ሬዲዮ ይዤ እቀመጣለሁ» ብቻ አለው።

«እሺ ጌታዬ! አላሳፍርዎትም ጋሼ!» አለ።

እኔም አብሬው ሄጄ ኮረብታው ላይ አልጋ ያዝን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሻሽ ያሰሩ ቆፍጣና ሴት ናቸው፤ ከሐይቁ ፊት ለፊት የሆነውን ክፍል ሰጡን። አባቴ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠና ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጀንበሯን የማየው እኔ ሆንኩ። «ደረሰች?» ይለኛል። «ገና ናት» እለዋለሁ። እርሳስና ብጣሽ ወረቀት ይዣለሁ።

ጀንበር ገባች። «ገባች!» አልኩት።

ሬዲዮው ዘፈን ይዘፍናል። የእኛው ጣቢያ ነው። ጠበቅን። ዘፈኑ አላለቀም፣ እንዲያውም እንደ ጎረቤት ሠርግ እየደመቀ መጣ። አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። «ዝቅ አላደረገም» አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ዘፈኑ ቀነስ ብሎ የእሺ ጌታዬ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ውድ አድማጮች! ዛሬ ሥራ አስይዞኝ ሩቅ ለሄደው፣ ማለቴ ለሄዱት፣ ለምንወዳቸው አለቃችን ይህን ዘፈን ጋብዘናል። ጋሼ፣ ባሉበት ጥርት ብለን እንደምንገባ ተስፋ አለን!» ዘፈኑ ተመለሰ።

አባቴ ፊቱ ዐመድ መሰለ። በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ አዘግይቶ የማያውቀው ሰው፣ የገዛ ጣቢያው በገዛ ባልደረባው እጅ የእናቱን አድራሻ እየዋጠበት ነበር። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው። እኔ ወረቀቱን ወርውሬ በደረጃው ቁልቁል ወረድኩ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ስልክ ላይ እያወሩ ነበር፤ ነጠቅኳቸው። ምን እንዳሉኝ አላስታውስም፤ ጥሩ ነገር ግን አይደለም።

«ሃሎ! ዝቅ አድርገው!» አልኩ እሺ ጌታዬ ገና ከማንሳቱ።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ? ጮኸባችሁ እንዴ? ጋሼ ምን አሉ? ጥራቱስ?»

«ኃይሉን ነው የምልህ! ጀንበር ጠልቃለች!»

«አውቃለሁ እኮ እህቴ፤ ግን ዝቅ ካልኩ እዚያ ድረስ አልደርስላቸውም። ዛሬ አንድ ቀን ለሳቸው ብዬ…»

«የአባቴ እናት እየሞተች ነው! ያለችበትን የሚናገረው የማዶው ጣቢያ ነው! አንተ ነህ አፏን የያዝካት! ዝቅ በል!»

ስልኩ ሲወድቅ ሰማሁ። ደረጃውን ስወጣ እሺ ጌታዬ ባንድ ትንፋሽ «ጀንበርጠልቃለችተራውየጎረቤትነውደህናእደሩ» ሲል ተሰማ። ዘፈኑ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ከሥሩ፣ ዘፈኑ ተጭኗት የቆየች ይመስል፣ ያቺው የሴት ድምፅ ብቅ አለች።

«…ከጀልባ ማረፊያው ከፍ ብሎ፣ ከድሮው የመረብ መጋዘን ጎን ነው። ፌንጣ፣ በየምሽቱ ደህና እደሩ ስትለን እማዬ አሜን ትላለች። አንተም እየሰማኸን ዝም አትበለን።»

አበቃ። እኔ ዓይኔን ወደ አባቴ ማንሳት ፈራሁ።

«ይሰሙኛል?» አለ። «ልጄ፣ እነሱ ይሰሙኛል?»

ያኔ ነው ለሁለታችንም የገባን። ዝቅ ከማድረጉ በፊት ያለችው ያቺ ትንሽ ጊዜ፣ ሰማዩ ሞገዱን ወደ ሩቅ መወርወር የጀመረባትና እኛ ገና ከፍ ያልንባት ጊዜ፣ የአባቴን ድምፅ ሐይቁን አሻግራ እናቱ አልጋ አጠገብ ታደርሰዋለች። በየምሽቱ። እሱ ሙታን ናቸው እያለ ሲያዝንላቸው እነሱ በየምሽቱ ሲሰሙት፣ ሲመልሱለት፣ መልሳቸውን እየሰማ የሚንቃቸው ሲመስላቸው ኖሩ። እኔ ስቆጣ ተሳድቤ ይወጣልኛል፤ ያን ምሽት ግን የምሰድበው ሰው አጣሁ።

ሲነጋ ጀልባ ማረፊያው ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ነጋዴው፣ ባለ ጓዙ፣ ልጅ ያዘለው ሁሉ ቆሟል። ጀልባው ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እኔ እንደ ልማዴ ልጋፋ እጄን ሳሰናዳ አባቴ ቀደመኝ። እውነቴን ነው። ሰውን በክርኑ፣ እኔ በጠገንኩለት ክርን እየገፋ በሰልፉ ጎን ወደ ፊት ነጎደ። ዓይኔን ያሸሁት ያኔ ነው።

«ሽማግሌው! ተራ አለ እኮ!» ብሎ ጮኸበት አንድ ባለ ጆንያ።

አባቴ ዞሮ አየው። «አውቃለሁ» አለ። «እኔ እዚህ ሰልፍ ላይ የቆምኩት ልጅ ሆኜ ነው።»

ሰውየው ፊቱ ላይ ምን እንዳነበበ እንጃ፣ ጆንያውን ወደ ጎን ሳበለት። ሰውን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቅኩ የተከተልኩት እኔ ነበርኩ። ውሃው ላይ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የጀልባውን ጠርዝ እንደያዘ ተሻገረ።

ጀልባው መሀል ላይ ሞተሩ እያስቸገረው ማዶ ስንደርስ ቀኑ አዘንብሏል። የመረብ መጋዘኑን ጠይቀን አገኘን። በሩን የከፈተችው ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። አፍንጫዋ የአባቴ ነው፤ የእኔም ነው። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ደረቱን በቡጢ መታችው።

«ለምን ዝም አልከን?» አለች። ደግማ መታችው። «ምን በድለንህ ነው?»

«አልሰማሁም» አለ። «የማይሰማበት ቦታ ነበርኩ።»

በበሩ ላይ ቆመው ተቃቅፈው ያለቀሱትን አልናገርም፤ እኔም የማየው ነገር አልነበረም፣ ዓይኔ ሞልቶ። አክስቴ እንደነገረችን፣ የጦርነቱ ጊዜ ጀልባ አልሰጠመም ነበር፤ ማዕበሉ ወስዶ ከዚህ ዳር ቋጥኝ ጋር አላተመው፣ ግማሹ ሰው ተረፈ። መንገዱ ደግሞ ተዘጋ። ከብዙ ዓመት በኋላ አያቴ ሬዲዮ ስትጎረጉር የሞተ ባሏን ድምፅ ሰማች። አያቴ ባሏ በር ሲቀረቅር እህህ ብሎ ደህና እደሩ ይል ነበር። «ይሄ የእሱ ጉሮሮ ነው፤ ልጄ አድጓል ማለት ነው» አለች። አክስቴ መንገዱ ሲከፈት እስከ ስቱዲዮው ሰው ላከች፤ በልጅነት ስሙ ቢጠይቅ «እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለንም» ብለው መለሱት። ያኔ ነው ሊያገኘን አይፈልግም ብላ የቆረጠችው። አያቴ ግን አልቆረጠችም።

«ዓይኗ ጠፍቷል» አለች አክስቴ ወደ ውስጥ እያስገባችን። «ትናንት ሌላ ሰው ነው የተናገረው፤ እሱም እንዴት እንደሚቸኩል! ልጄን ምን አገኘብኝ ብላ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

አያቴ አልጋው ላይ ትንሽ ሆና ተኝታለች። ሬዲዮው ትራሷ አጠገብ ሿ ይላል። በመስኮቱ የመጨረሻው ቢጫ ብርሃን ግድግዳው ላይ አለ።

«እማዬ፣ እንግዳ…» አለች አክስቴ።

«ዝም በይ!» አለች አያቴ። «ሰዓቱ ነው። አሁን ይገባል።»

አባቴ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። አፉን ይከፍታል፣ ቃል አይወጣም። እማዬ ሊል ይሞክራል፣ ያቺ ቃል ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ውስጥ አልነበረችም። ከዚያ እጁ የለመደውን አደረገ፤ የሬዲዮውን ድምፅ ወደ ታች አዞረው። አፉም የለመደውን ተናገረ።

«ጀንበር ጠልቃለች» አለ። «ተራው የጎረቤታችን ነው። እህህ… ደህና እደሩ።»

«አሜን» አለች አያቴ። ፊቷ በራ፤ ጭንቅላቷን ወደ ሬዲዮው አስጠጋች። «መጣልኝ። ሰማሽ ልጄ? ዛሬ ደግሞ እንዴት ጥርት ብሎ ገባ! እዚሁ ያለ ነው የሚመስለው። እባክሽ ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ እንዳይሄድብኝ።»

አክስቴ ሻሿን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። እኔ ከግድግዳው ተጣበቅኩ። አባቴ ከፍ ማድረግ አልቻለም፤ ድምፁ ከድቶታል። የእናቱን እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ አነሳና ጉሮሮው ላይ አስቀመጠው። እህህ አለ።

ጣቶቿ ደነገጡ። ጉሮሮውን ዳሰሱ፣ ወደ አገጩ ወጡ፣ ጉንጩን፣ እርጥብ ዓይኑን፣ ራሰ በራውን ነኩ፣ ተመልሰው ጆሮውን ያዙት።

«ፌንጣ?» አለች። «ጀልባው ምነው እንዲህ ቆየ?»